መልስ፦ ከልጆች ጋር ፖምፔ ወይስ ኦስቲያ?

እህቴ፣ ሮም ለጥቂት ቀን ነን፣ ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፣ ፖምፔ ይሻላል ወይስ ኦስቲያ አንቲካ ላልሽው፣ እኔ ኦስቲያ ነው የምለው። ፖምፔ፣ ያቺ በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው ጥንታዊ ከተማ፣ ስሟ ገናና ነው፣ ግን ኔፕልስ ድረስ ተሂዶ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ባቡር፣ ሰዉም ግፊያ ነው። ኦስቲያ ግን እዚያው ሮም፣ ፒራሚዴ ከሚባለው የሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያ አጠገብ ካለው የባቡር ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብትሆን ነው። የጥንቷ ሮም የወደብ ከተማ ነበረች፣ አሁን የሚጎበኘው ፍርስራሿ ነው።

ከቴአትሩ ጀርባ ያለውን የነጋዴዎች አደባባይ እንዳታልፉት። በየቢሮው ደጃፍ በጥቁርና ነጭ ጠጠር መርከብ፣ ዓሣ፣ ዝሆን ተሥሏል፤ ዝሆኑ ከሳብራታ፣ ከዛሬዋ ሊቢያ ማለት ነው፣ የሚመጡት ነጋዴዎች ምልክት ነበር። የእኛዎቹ ግን ልባቸው የቀረው የሕዝብ ሽንት ቤቱ ጋ ነው! የድንጋይ መቀመጫው ቀዳዳ ቀዳዳ እየሆነ ተደርድሯል፣ መሃሉ ላይ ግርዶሽ የሚባል ነገር የለም፣ ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ወሬ ነው። በሳቅ ፈረሱ። በዲያና መንገድ ያለችውን የጥንት ምግብ ቤትም እዩ፣ ባንኮኒዋ እስካሁን አለ፣ ግድግዳው ላይ የሚበላው ነገር ተሥሏል።

የሕፃን ጋሪ ይቅርባችሁ፣ መንገዱ ትልልቅ ድንጋይ ነው። ውኃና ኮፍያ ያዙ። ሰኞ ዝግ ነው።