አልማዝ ከሰል ሆኖ አያውቅም

ልጆቼ፣ ሰሞኑን አንድ የሰፈር ጎረምሳ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ አንድ ጥቅስ አሳየኝ። «አልማዝ ጫናን የቻለ ከሰል ነው» ይላል። «ጋሼ፣ ልብ አይነካም?» አለኝ። ይነካል። ችግሩ ውሸት መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ኬሚስትሪ ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የድንጋይ ከሰል የተቀበረ ዕፅዋት ነው። አብዛኛው አልማዝ ግን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ቢሊዮን ዓመትና ከዚያም በፊት የተሠራ ነው። ያኔ በየብስ ላይ አንድም ዛፍ አልነበረም። የልጅ ልጅ ከአያቱ ቀድሞ ተወለደ እንደማለት ነው።

የሚያዛምዳቸው ካርቦን ብቻ ነው። ስሚዝሰን ቴናንት የሚባል እንግሊዛዊ በ1797 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አልማዝ አቃጥሎ፣ የሚወጣው ጋዝ እኩል ክብደት ካለው የእንጨት ከሰል ከሚወጣው ጋር እኩል መሆኑን አሳየ። አልማዝ አቃጥሎ! ድፍረቱን እዩልኝ።

ልዩነቱ ያለው አቶሞቹ እርስ በርስ በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። ካርቦን አራት እጅ አለው እንበል። አልማዝ ውስጥ አራቱም እጆች በየአቅጣጫው ጎረቤት ይዘዋል፣ የሚላቀቅም የሚንሸራተትም የለም፣ ለዚህ ነው እንደዚያ የሚጠነክረው። ኤሌክትሮኖቹም ስለታሰሩ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሙቀትን ግን ከመዳብ አምስት እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል፤ ጌጥ ሻጮች አልማዙን ከብርጭቆ የሚለዩበት አንዱ መሣሪያም የሚለካው ይህንኑ ነው። ግራፋይት፣ ማለትም የእርሳሳችሁ ውስጥ ያለው ጥቁሩ የካርቦን ዓይነት፣ ውስጥ ግን ሦስት እጅ ብቻ ተያይዞ የማር እንጀራ የመሰለ ስስ ገበታ ይሠራል፣ አራተኛው ኤሌክትሮን በገበታው ላይ እንደልቡ ይሮጣል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ገበታዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረዋል፣ መያያዣቸው ግን ደካማ ስለሆነ ይንሸራተታሉ። ወረቀት ላይ ስትጽፉ የሚቀረው እሱ ነው። ቁልፍ እምቢ ሲላችሁም የእርሳስ ዱቄት ሞክሩ።

እርሳስ ካልን አይቀር፣ ስሙ ራሱ ስህተት ነው። ድሮ ግራፋይትን የእርሳስ ብረት ዓይነት ይመስላቸው ነበር። ሼለ የሚባለው ኬሚስት ካርቦን መሆኑን በ1779 ቢያሳይም ስሙን የሚያርም አልተገኘም፤ እኛም ይኸው እርሳስ እንላለን።

በጣም የምወደው ግን የማንችስተሩ ታሪክ ነው። ግራፋይትን ለማጽዳት ፕላስተር ይለጠፍበትና ይላጣል፣ ፕላስተሩም ቆሻሻ ነውና ይጣላል። ጋይም እና ኖቮሴሎቭ የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት የሚጣለውን ፕላስተር ራሱን ማየት ጀመሩ። እያጠፉ እየላጡ አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለው ገበታ ላይ ደረሱ፣ ግራፊን የምንለው እሱ ነው። በ2004 አሳተሙት፣ በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት። ጋይም እኮ ቀደም ብሎ እንቁራሪት በማግኔት አየር ላይ አንሳፎ የቀልዱን ኖቤል የወሰደ ሰው ነው! ኳስ የሚመስለው ባለ 60 አቶም ካርቦን ደግሞ በ1985 ተገኘ። ያቺን የድሮ ባለ ጥቁርና ነጭ ኳስ ካገኛችሁ ቁጠሯት፣ 12 ጥቁር፣ 20 ነጭ፣ አሠራሩ ያው ነው።

ወደ ጥቅሱ ልመለስ። እኛ በምንኖርበት ግፊት የሚረጋው ግራፋይት እንጂ አልማዝ አይደለም። ጫናው ሲነሳለት የአልማዝ ዝንባሌ እርሳስ ወደ መሆን ነው፤ ብቻ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ማንም ቆሞ አያየውም። ቀለበት ያላችሁ አትደንግጡ።

እኔን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። አጭር እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ቅረጹ፣ ከሁለት ባትሪ ድንጋይና ከአንዲት ቀይ ኤልኢዲ አምፖል ጋር አንዱን ከሌላው በተርታ በሽቦ አገናኙት። አምፖሏ ከበራች ኤሌክትሪኩ በእርሳሱ አልፏል ማለት ነው። ካልበራ አምፖሏን ገልብጡ። አሁንም እምቢ ካለ ጫፉን ደህና አድርጋችሁ ቅረጹት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዚያ ነው።