ማሽኖቹ ቆመው ኮምፕረሰሩ ለምን አያርፍም?

ጠያቂያችን የአንድ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ናቸው። ለማሽኖቹ አየር አምቆ የሚያቀርበው ባለ 37 ኪሎዋት ስክሩ ኮምፕረሰራቸው ግፊቱ 8.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ የተስተካከለ ሲሆን፣ የማምረቻ ማሽኖቹ በቆሙበት ሌሊት ሳይቀር እየተነሳ አየር ይሞላል። አስተዳደሩ የኤሌክትሪክ ፍጆታና የካርቦን ልቀት እንዲቀነስ ስላዘዘ፣ ፍጥነቱን እንደ አየር ፍላጎቱ የሚቀያይር አዲስ ኮምፕረሰር መግዛት ይበጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ግዢውን ለጊዜው ያቆዩት፤ የነገሩኝ ነገር አየር የሚያፈስ መስመር ምልክት ነው። አንድም ማሽን አየር በማይጠቀምበት ሰዓት፣ ኮምፕረሰሩ አየር የሚሞላበትንና ያለ ጭነት (አየር ሳያምቅ) የሚዞርበትን ጊዜ ደጋግመው ይለኩና የመሙያውን ጊዜ ለሁለቱ ድምር ያካፍሉት። ለምሳሌ 90 ሰከንድ ሞልቶ 210 ሰከንድ ያለ ጭነት ከዞረ፣ ከአቅሙ 30 በመቶው በከንቱ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህ በእርስዎ ኮምፕረሰር ወደ 11 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ዓመቱን ሙሉ ካልጠፋ ከ95,000 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ደግሞ 80 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውጤቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ግን መስመርዎ ደህና ነው።

ፍሳሹን ዋናው ቧንቧ ላይ ብቻ አይፈልጉት። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከማሽኑ አጠገብ ባሉት የመጨረሻ ሜትሮች፣ ማለትም በፈጣን መጋጠሚያዎች፣ በተሰነጠቀ ጎማ፣ በፊልተርና በሬጉሌተር (የግፊት ማስተካከያ) ዙሪያ እንዲሁም ባለቀ የሲሊንደር ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ላይ ነው። ፋብሪካው ጸጥ ሲል በጆሮ፣ ከዚያም በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፤ ያገኙትን ሁሉ ምልክት ያድርጉበት፤ ግፊቱን ሳይለቁ ግን ምንም መጋጠሚያ አይፍቱ። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ትበላለች። እኔን ከአንድ ጊዜ በላይ ያታለለኝ ከአየር ማጠራቀሚያው ታንከር ሥር ያለው የውኃ ማስወገጃ ቫልቭ ነው፤ በቆሻሻ ተይዞ ሳይዘጋ ሲቀር አየሩ በቱቦው ወደ ፍሳሽ ቦይ ስለሚገባ፣ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ የኮምፕረሰሩን ግፊት በየደረጃው 0.2 ባር እየቀነሱ ዝቅ ያድርጉ፤ በየደረጃውም ከሁሉም ርቆ የሚገኘው ማሽን በትክክል መሥራቱን ያረጋግጡ። በዚህ የግፊት ክልል አንድ ባር መቀነስ የኮምፕረሰሩን ፍጆታ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያ ማሽን ቶሎ ከደከመ ግፊቱን መልሰው ከመጨመርዎ በፊት የተደፈነ ፊልተር ወይም የጠበበ ቧንቧ መኖሩን ይመልከቱ፤ ብዙ ባለሙያ ይህን ዘልሎ ግፊት መጨመር ይቀናዋል። ሌሊት ሥራ ከሌለ ደግሞ ኮምፕረሰሩን ያጥፉት፤ ያለ ጭነት ሲዞር እንኳ ከሙሉ ኃይሉ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይወስዳል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ በሥራ ሰዓት ያለውን የአየር ፍጆታ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ፍጆታው በጣም የሚዋዥቅ ከሆነ ፍጥነቱን የሚቀያይረው ኮምፕረሰር ያዋጣዎታል፤ ምናልባትም አሁን ካለው አነስ ያለ ሊበቃዎት ይችላል።