ለወጣት ተከላካዮች፦ ስለ ሲሞን ኬር ላጫውታችሁ

ውድ ልጆቼ፣

በመጀመሪያ በተከላካይነት፣ በኋላም በታዳጊዎች አሰልጣኝነት ረጅም ዘመን አሳልፌአለሁ። ውጭ ሄዳችሁ ለመጫወት ምን እንደሚያስፈልጋችሁ ስትጠይቁኝ፣ ወሬያችሁ ብዙውን ጊዜ በፍጥነት፣ በቁመትና በወኪል ላይ ያተኩራል። እኔ ግን በዚህ ደብዳቤ ስለ አንድ ዴንማርካዊ የመሐል ተከላካይ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ሲሞን ኬር በ1989 በሆርሰንስ ከተማ ተወልዶ፣ አባቱ የትጥቅ ኃላፊ ሆነው በሠሩበት በሚትዩላንድ ክለብ አካዳሚ ውስጥ አደገ። በዚያ ይሠራ የነበረ አንድ አሰልጣኝ በኋላ እንደተናገረው፣ አሰልጣኞቹ ወደፊት ከሁሉም ልቀው ይሄዳሉ የሚሏቸውን አምስት ልጆች በወረቀት ላይ እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ የኬርን ስም የጻፈ አንድም አልነበረም። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም እኔም እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ብዙ ጊዜ ጽፌ፣ ብዙ ጊዜም ተሳስቻለሁና። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ጉልበቱና ቁመቱ ቶሎ ለዓይን ይገባሉ፤ አንድን ነገር በየቀኑ ደጋግሞ ለመሥራት ያለው ትዕግሥት ግን የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የተከላካይ ሙያ ደግሞ በዚያ ትዕግሥት ላይ የቆመ ነው።

በ2008 ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ጣሊያኑ ፓሌርሞ ተዛወረ፤ ከሁለት የውድድር ዘመን በኋላም የጀርመኑ ቮልፍስቡርግ ወሰደው። መንገዱ ከዚያ በኋላ ቀና አልነበረም። በውሰት ሮማ በሄደበት ዘመን፣ በኦክቶበር 2011 ከላዚዮ ጋር በተደረገው የከተማው ደርቢ ጥፋት ሠርቶ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ ላዚዮ በዚያው ጥፋት ባገኘው ፍፁም ቅጣት ምት አቻ ሆነ፤ በመጨረሻም ሮማ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። በእንዲህ ያለ ጨዋታ መሳሳት ምን እንደሚመስል በመጠኑ አውቀዋለሁ። እኔም በወጣትነቴ በአንድ ትልቅ ጨዋታ የሠራሁት ስሕተት ቡድኔን ዋጋ አስከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ እግሬ ይያዝ ነበር። ኬር ግን ወደ ፈረንሳዩ ሊል ሄዶ እንደገና ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ ቀጥሎም በቱርኩ ፌነርባቼና በስፔኑ ሴቪያ ተጫወተ። በ2019 ለአታላንታ በውሰት ተሰጥቶ በግማሽ ዓመት ውስጥ ጥቂት ጨዋታዎችን ብቻ ካደረገ በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ሳለ በጃንዋሪ 2020 ኤሲ ሚላን በውሰት ተቀበለው። ብዙ ሰው «አበቃለት» ባለበት ሰዓት፣ ሚላን የኋላ መስመሩን በእሱ ላይ መሠረተ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ የምፈልገው ስለ ቋንቋ ነው። አጥቂ ወደ ባዕድ አገር ሄዶ የማንንም ቃል ሳይሰማ በእግሩ ብቻ ግብ ሊያስቆጥር ይችላል፤ ተከላካይ ግን አብሮት የቆመው ሰው ወደ ፊት እንዲወጣ፣ ወደ ኋላ እንዲመለስ ወይም ከጀርባው የመጣውን አጥቂ እንዲይዝ በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ ካልነገረው፣ የጨዋታ ውጭ መስመሩ ይፈርሳል። ኬር ሚላን ሲደርስ ጣሊያንኛውን ከፓሌርሞ ጀምሮ ይዞት ስለ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማዘዝና ማረጋጋት ቻለ። ስለዚህ የምትሄዱበትን አገር ቋንቋ ከአውሮፕላን ከወረዳችሁ በኋላ የምትማሩት ነገር አታድርጉት። ዛሬ ጀምሩት፤ «ውጣ»፣ «ተመለስ»፣ «ከኋላህ ሰው አለ» ከሚሉት ቃላት ጀምሩ።

ጁን 12 ቀን 2021 በኮፐንሀገኑ ፓርከን ስታዲየም ዴንማርክ በአውሮፓ ዋንጫ ከፊንላንድ ጋር ስትጫወት፣ በ43ኛው ደቂቃ የዴንማርኩ አማካይ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሲወድቅ፣ የቡድኑ አምበል ኬር ፈጥነው ከደረሱት አንዱ ነበር። ጓደኛውን አስተካክሎ አስተኛ፣ ሐኪሞችን ጠራ፣ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ከካሜራና ከተመልካች ዓይን እንዲጋርዱት አደረገ፣ ከግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል ጋር ሆኖም የኤሪክሰንን የሕይወት አጋር አጽናና። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በዚያው ዓመት ለእሱና ለሕክምና ቡድኑ ሽልማት ሰጥቷል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ የሆነው ነው፤ ኬር ለመጫወት ሞከረ፣ ልቡ እምቢ ስላለው በ63ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ወጣ። «አልቻልሁም» ማለት የሚያሳፍር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ያችን ደቂቃ አስታውሱልኝ።

በዲሴምበር 2021 ከጄኖዋ ጋር በተደረገ ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ የውድድር ዘመኑ ስላበቃበት፣ ሚላን በ2022 ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የጣሊያን ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን የመጨረሻዎቹን ወራት ያሳለፈው ከሜዳ ውጭ ነበር። ለአገሩ 132 ጊዜ ተሰልፎ፣ በ2025 መጀመሪያ ጫማውን መስቀሉን አስታወቀ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ጁላይ 7 ቀን 2021 በዌምብሌይ የተደረገውን የእንግሊዝና የዴንማርክ የአውሮፓ ዋንጫ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ፈልጋችሁ 39ኛውን ደቂቃ ተመልከቱ። ቡካዮ ሳካ ከቀኝ መስመር ኳስ ወደ ግቡ አፍ ሲልክ፣ ራሂም ስተርሊንግ ለማስገባት ተዘጋጅቶ ቆሟል። ኬር ኳሷን ቢተዋት ስተርሊንግ ያገባታል፤ ቢነካት ደግሞ በራሱ መረብ ላይ ልታርፍ ትችላለች። ተወርውሮ ነካት፣ ኳሷም ገባች። ተንቀሳቃሽ ምስሉን ወደ ኋላ መልሱና፣ ሳካ ኳሷን ከመምታቱ በፊት ኬር የት እንደ ቆመና ማንን እንደሚመለከት ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ አብረን እንነጋገርበታለን።