መልስ፦ ወንዝ ዳር ያየሃት የዛፍ እንቁራሪት አዲስ ዝርያ ናት?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ወንዝ ዳር፣ ቁጥቋጦ ላይ በሌሊት ያየሃት እንቁራሪት አዲስ ዝርያ ናት ወይ ብለሃል። መጀመሪያ ከሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ጋር አነጻጽራት፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የተዋወቀች፣ የጎጃም ደጋ የራሱ እንቁራሪት ናት። በቀለም ብቻ አትፍረድ፤ የአንድ ዝርያ እንቁራሪቶችም መልካቸው ይለያያል። በባትሪ ጠጋ ብለህ ዓይኗን እይ፦ ብሌኗ እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የጣቶቿ ጫፍም ክብና ሰፋ ያለ ከሆነ የዚሁ ወገን ናት። ዝርያውን ለመለየት ትልቁ ማስረጃ ግን የወንዱ ጥሪ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ከመሸ በኋላ፣ ባትሪውን አጥፍተህ ሁለት ደቂቃ ያህል በስልክህ ቅረጽ። የአየሩን ሙቀትም አብረህ ጻፍ፤ ሲቀዘቅዝ የጥሪው ፍጥነት ስለሚቀንስ ያለዚያ ማወዳደር አይቻልም። እባክህ ሳሙና ወይም ቅባት በነካው እጅ አትያዛት፤ በቆዳዋም ጭምር ነው የምትተነፍሰው።