«ራንክል»፦ መግል የቋጠረ ቃል

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ በአንድ ግስ ላይ ተረባረበ፤ ከእሱው ልጀምር።

ጥያቄ፦ «ራንክል» (rankle) የሚለውን መዝገበ ቃላቴ «አናደደ» ብሎ ፈታው። በቃ ይኸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ንዴት ቱግ ይልና ይበርዳል። ራንክል የሚያደርግ ነገር ግን ውሎ አድሮ ያመረቅዛል። የእህቴ ሠርግ ላይ ፎቶ ልንነሳ ስንሰለፍ፣ አንድ የሙሽራው ዘመድ «አንተ ወጣ በል፣ ቤተሰብ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቅ ብዬ ወጣሁ። ያኔ እንኳ ብዙም አልተናደድኩም። ዛሬም ግን ቡና እየጠጣን አልበሙ ሲገለጥ፣ ያቺ ፎቶ ላይ ስንደርስ ስኒዬን አስቀምጣለሁ። ራንክል ማለት ያ ነው።

ጥያቄ፦ ቃሉ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከቁስል። በላቲን «ድራኮ» ዘንዶ ነው፤ «ድራኩንኩሉስ» ደግሞ ትንሽዬ ዘንዶ። የመካከለኛው ዘመን ላቲን ይህንኑ ስም ላመረቀዘ ቁስል ሰጠው። የድሮ ፈረንሳይኛ ከዚያ ግስ አወጣ፤ ግሱም የፊቱን «ድ» ጥሎ «ራንክሌር» ሆነ። በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ትርጉሙ ገና የሐኪም ቤት ነበር፦ ቁስሉ መግል ያዘ። ሆድ ውስጥ የገባው በኋላ ነው። እኛም ጋ መግል ይቋጠራል፣ ቂምም ይቋጠራል። ማንም አላስተማረንም።

ጥያቄ፦ ዘንዶና ቁስል ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ የጋምቤላ ሰው ቢጠየቅ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ የሚታወቀው ጊኒ ዎርም የሚባል ጥገኛ ትል ሳይንሳዊ ስሙ «ድራኩንኩለስ ሜዲነንሲስ» ነው፤ ያው ትንሽዬ ዘንዶ። ካልተጣራ ውሃ ጋር ይገባል። ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ 1 ሜትር የምትረዝም ሴት ትል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል ቆዳ ቀዳ ትወጣለች። እንዳትበጠስ በእንጨት ላይ ቀስ እያሉ በየቀኑ ይጠቀልሏታል። ግሱ ከዚህ በሽታ መጣ ማለቴ አይደለም፤ ስማቸው ግን ሞክሼ ነው።

ጥያቄ፦ «ራንከር» (rancor) ዘመዱ ነው? እሱም ቂም ነው ይላሉ።

መልስ፦ ድምፁ ያሳስታል እንጂ አይዛመዱም። እሱ የመጣው «ሸተተ፣ ተበላሸ» ከሚል የላቲን ግስ ነው። የከረመ ዘይት አስብ።

ጥያቄ፦ «አለቃዬ ራንክል አደረገኝ» ልበል?

መልስ፦ ባትል ይሻላል። የግሱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። «አለቃዬ ስብሰባ ላይ ያለኝ ነገር» ብለህ ጀምር።

ጥያቄ፦ በአንድ የአማርኛ ቃል ቢሆንስ?

መልስ፦ ከነከነ። «ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል» በል፣ ጨርሰሃል።

ጥያቄ፦ «ጎል» (gall) የሚባል ግስም አለ አሉ?

መልስ፦ የኳሱን አይደለም! ይኼኛው ኮርቻ የፈረስን ጀርባ ፈግፍጎ ሲልጠው ነው። ገጣባ። አንድ ነገር «ጎል አደረገኝ» የሚል እንግሊዝ፣ ገጣባዬን ነካው እያለ ነው።