ጥያቄና መልስ፦ የተጣሉ አህዮችና ውሾች የሚያስጠጉትን መርዳት ምጽዋት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወጣቶች ግቢ አጥረው ጀርባቸው የቆሰለ አህዮች፣ ያነከሱ የጋሪ ፈረሶችና የመንገድ ውሾች ሰብስበው ያሳክማሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ሰው እንዲጎበኝ በር ይከፍታሉ። ሄጄ አይቼ ልቤ ተነካና በየወሩ በቴሌብር ትንሽ ትንሽ ልልክላቸው አሰብኩ፣ እናቴ ግን "ሰው እየተራበ ለውሻ ብር መስጠት ኃጢአት ነው" አለችኝ። አስራቴን እዛ ብሰጥስ? እሁድ ሄጄ ባግዝስ? ውሻ ነክቼ ቤተክርስቲያን መግባትስ እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትሽን አትቆጫቸው፣ የተናገሩት ለድሃ አዝነው ነው፣ ችግር ያየ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው። ኃጢአት ነው የሚለው ግን አይሆንም።

ዘጸአት 23፥5ን ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ ጥለኸው አትሂድ፣ ከሰውየው ጋር ሆነህ አንሳው ነው የሚለው። የወዳጅህ አህያ አላለም እኮ! በኛ በጎጃም በድንበር ተጣልቶ ስንት ዓመት የማይነጋገር ጎረቤት እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ያ ሰው በገበያ ቀን አቀበት ላይ አህያው ወድቃበት ብቻውን ሲታገል ብትደርሺ ጆንያውን በአንድ ጎን አንቺ በአንድ ጎን እሱ ካልያዛችሁት አይነሳም፣ ደሞ "በል ያዝ፣ ወደዚህ ሳብ" ሳትባባሉ ማንሳት አይቻልም። ህጉ አህያዋን ሲያነሳ የሁለቱን ሰዎች ጠብ አብሮ እያነሳው ነው። ስለዚህ ለእንስሳ መራራት ከሰው ድርሻ የተቀነሰ ነገር አይደለም፣ ባለቤቱም አብሮ ይረዳል።

እስቲ አስቢው፣ ከጮቄ ተራራ ስር ድንች ጭኖ የሚወርደው ገበሬ ያለችው አንዲት አህያ ናት፣ ውሃውም ወፍጮውም እንጨቱም በሷ ነው። እሷ የወደቀች ቀን ጭነቱ የሚዞረው ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ ጀርባ ነው። ታዲያ ያቺን አህያ ያሳከመ ድሃውን አልረዳም ትያለሽ?

ገጣባ አህያ ቀርበሽ አይተሻል መሰለኝ። ጭነቱ ያረፈበት ጸጉሩ ተገልጦ ቀይ ስጋው ይታያል፣ ዝንቡ አይነሳም፣ ቁራ መጥቶ ይቆነጥረዋል፣ እሷ ግን ዝም ብላ ትሄዳለች ምክንያቱም አህያ ህመሟን ቶሎ አታሳይም። ባለቤቱ ያዳናት እየመሰለው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያፈስበታል ወይ በጋለ ብረት ይተኩሰዋል፣ ይሄ ቁስሉን ያባብሰዋል። የእንስሳት ሀኪሞች የሚሉት ቀላል ነው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ጨው አድርጎ ማጠብ፣ እስኪድን ጭነት ማቆም፣ ከዳነ በኋላም ጭነቱ አከርካሪዋ ላይ እንዳያርፍ ግራና ቀኝ ወፈር ያለ ለስላሳ ነገር መደልደል። እዛ ግቢ ስትሄጂ ይሄን በደንብ ተምረሽ ገጠር ላሉት ዘመዶችሽ አስተምሪ፣ ከምትልኪው ብር ይሄ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በ2009 የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ ሲዘጋ ሁላችን ደስ ብሎን ነበር፣ እንጅባራ ላይ ደሞ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አድዋ የዘመተው ፈረስ ጭምር ይታሰባል፣ እሰየው ነው። ግን ያው ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ አንድ ቀን ሲያነክስ አስፋልት ዳር ይለቀቃል፣ ያረጀች አህያም ማታ ለጅብ ትጣላለች፣ እኛም አይተን እናልፋለን። ነነዌን ሲምር እንኳን እግዚአብሔር ለዮናስ የነገረው ስለ ሰዎቹ ብቻ አይደለም፣ "ብዙ እንስሶችም" ብሎ ቆጥሯቸዋል (ዮናስ 4፥11)። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ለተጠማችው ወፍ የዓይናቸውን እንባ ነው ያጠጧት።

አስራትሽን ግን አትንኪው፣ እሱ የቤተክርስቲያን ነው፣ ሚልክያስ 3፥10 ግልጽ ነው። ለነሱ የምትሰጪው ከምጽዋትሽ ይሁን፣ ከዛም ላይ ቢሆን ደጅሽ ላይ የተራበ ጎረቤት ካለ መጀመሪያ እሱን አብዪ። ብር ከመላክ ደሞ ገለባና ፉርሽካ ገዝተሽ ብትወስጂ፣ ወይ የሀኪሙን ሂሳብ ብትከፍይ ጥሩ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ መኖ ሲወደድ።

እሁድ ቅዳሴ አስቀድሰሽ ሂጂ፣ ችግር የለውም። አህያው ወይ በሬው ጉድጓድ ቢገባበት በሰንበት የማያወጣ ማን ነው ብሎ ራሱ ጌታ ጠይቋል (ሉቃስ 14፥5)። ቅዳሴ ትተሽ ግን አይሆንም።

ስለ መንካት፣ አህያን አትብላ ተባለ እንጂ አትንካ አልተባለም፣ ጌታችንም በሆሳዕና የተቀመጠው በአህያና በውርንጭላዋ ነው። ውሻ ስለነካሽ አትረክሺም፣ ታጥበሽ ልብስሽን ቀይረሽ ነጠላሽን አጣፍተሽ መግባት ነው፣ ስለ ቁርባን ደሞ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የማታውቂው ውሻ ከነከሰሽ ወይ ጥፍሩ ከቧጨረሽ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢውና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጠበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ክትባቱን ግን በጠበል አሳብበሽ እንዳታዘገይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ሀኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ውሾች መከተባቸውንም ሳታፍሪ ጠይቂ።

በመጨረሻ ፎቶ። የቆሰለች አህያ አንስተሽ ከባለቤቱ ፊት ጋር ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ አደራ። ያ ሰው ድሃ ነው፣ የማያውቅም ሊሆን ይችላል፣ አገር ሲሰድበው ቢውል አህያዋን ማታ ተናዶ ነው የሚመታት። ቀርበሽ "አባቴ ይቺን ላሳክምልዎ?" በይው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።