መደመር ከመቀነስ አይቀድምም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ሒሳብ እቀበላለሁ። ታናሽ እህቴ 7ኛ ክፍል ናት። ወላጆቻችን ገጠር ስለሆኑ የቤት ሥራዋን አብሬያት የምሠራው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «40 − 15 + 5» የሚል ጥያቄ ይዛ መጣች። ተማሪ ሳለሁ ያጠናሁት «ቦድማስ»፣ የስሌት ቅደም ተከተል ማስታወሻ ቃሉ፣ ትዝ አለኝ። በፊደሎቹ ተራ መደመር ከመቀነስ ስለሚቀድም 20 ነው አልኳት። አስተማሪዋ ኤክስ አደረገባት፤ መልሱ 30 ነው ብሏታል። ሌላም አለ። «5 + 3 × 50» የሚለውን በስልኬ ስሠራው 155 አለኝ። የጎረቤታችን የባለሱቁ ካልኩሌተር ግን 400 አለ። አሁን እህቴ እኔንም ካልኩሌተሩንም ማመን ትታለች። የቱ ነው ልክ? እኔስ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?
ታላቅ ወንድም፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እንደምን ነህ ልጄ? ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ቀኑን ሙሉ ጀልባ ላይ ውለህ ማታ የእህትህን ደብተር የምትገልጥ ወንድም ነህና አስቀድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበልህ። አስተማሪዋ ልክ ነው። ስልክህም ልክ ነው። ያንተ ስህተት ደግሞ የብዙ ሰው ስህተት ነው። 31 ዓመት 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳስተምር ይህን ስህተት ያላየሁበት ዓመት የለም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስህተቱን የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ቅንፍ፣ አርቢ፣ ማካፈል፣ ማባዛት፣ መደመር፣ መቀነስ እያልኩ ሳስጠናቸው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበሉኛል። ክፍሉ ሲደምቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ፈተና ላይ «20 − 8 + 2» አወጣሁ። መልሱ 14 ነው፤ ብዙዎቹ 10 ብለው ጻፉ። ማታ ወረቀቱን ሳርም ነገሩ ገባኝ። ልጆቹ ያልኳቸውን ነው የሠሩት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ከአዲስ ጀመርን።

ስለዚህ ቦድማስን ለጊዜው ተወውና ጀልባህ ላይ እንውጣ። ከባሕር ዳር 40 ሰው ይዛችሁ ተነሣችሁ። ዘጌ ስትደርሱ 15 ወረዱ፣ 5 ተሳፈሩ። ወደ ደቅ ስንት ሰው ይሄዳል? ይህን ለመመለስ ወረቀትም አትፈልግ፤ 30 ትላለህ። 40 − 15 + 5 ማለት ይኸው ነው። 20 ያልከው ግን ሌላ ታሪክ ነው። 15ቱን ከ5ቱ ጋር ደምረህ 20 ሰው አወረድክ። ዘጌ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ የነበሩትን 5 ሰዎች ሳይሳፈሩ ከወረዱት ጋር ቆጠርካቸው። ይህን ታሪክ መጻፍ ከፈለግህ ቅንፍ ያስፈልግሃል፤ 40 − (15 + 5)። ቅንፍ በሌለበት ግን የመቀነስ ምልክቱ የሚይዘው አጠገቡ ያለውን 15 ብቻ ነው። 5ቱ የራሱ የመደመር ምልክት አለው።

መደመርና መቀነስ እኩዮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይቀድምም። አብረው ሲመጡ እንደ ንባባችን ከግራ ወደ ቀኝ እንሄዳለን። ማባዛትና ማካፈልም እንዲሁ እኩዮች ናቸው። አሜሪካኖች ልጆቻቸውን የሚያስጠኑት «ፔምዳስ» የሚል ቃል ነው። በእነሱ ቃል ማባዛት ከማካፈል ፊት ተጽፏል፤ በቦድማስ ደግሞ ማካፈል ይቀድማል። የፊደሉ ተራ ሕግ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጥያቄ በአገሩ ልክ ሁለት መልስ ይኖረው ነበር። «24 ÷ 6 × 2» ስትል 24 ዓሣ ለ6 አጥማጆች አካፈልክ፤ ለእያንዳንዱ 4 ደረሰው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከሆኑ እነሱ ቤት 8 ዓሣ ይገባል። ማባዛቱን ያስቀደመ ሰው ግን 24ን ለ12 አካፍሎ 2 ይላል።

አሁን ወደ ባለሱቁ እንሂድ። ኪስህ ውስጥ አንድ ባለ 5 ብርና ሦስት ባለ 50 ብር አለ እንበል። ስንት ብር ነው? 155። የሱቁ ካልኩሌተር 400 ሲል 5ቱንና 3ቱን ደምሮ ስምንት ባለ 50 ብር አለህ ማለቱ ነው። 3ቱ የብሩ ብዛት ነው፤ ከባለ 5 ብሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ማባዛት የሚቀድመውም ለዚህ ነው። 3 × 50 በአጭሩ የተጻፈ 50 + 50 + 50 ነው። እሱን ዘርግተህ ካየኸው 5 + 50 + 50 + 50 ይሆናል፤ የሚያሳስት ነገር አይኖርም። አርቢም ከማባዛት የሚቀድመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአጭሩ የተጻፈ ማባዛት ነውና፤ 3² ማለት 3 × 3 ነው።

ካልኩሌተሩ ግን አልተበላሸም። ርካሹ የሱቅ ካልኩሌተር ቁልፉ እንደተነካ ወዲያው ይሠራል፤ ወደፊት የሚመጣውን አይጠብቅም። ስልክህ ግን ሙሉውን ካየ በኋላ ነው የሚያሰላው። ባለሱቁ ራሱ ብዙ ዓይነት ዕቃ ሲሸጥ «ኤም ፕላስ» (M+) የምትለዋን፣ ውጤቱን ይዛ የምትደምረውን ቁልፍ ሲነካ አይተህ ይሆናል። 3 × 50 ብሎ ኤም ፕላስ፣ 5 ብሎ ኤም ፕላስ፣ ከዚያ ድምሩን ይጠራል። ቅደም ተከተሉን በእጁ ጠበቀ ማለት ነው። እህትህን አንድ ቀን ሱቁ ውሰዳትና እንዲያሳያት ለምነው። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ያ ይገባታል።

ደብተሯ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ አስይዛት። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ነገር ብቻ ትሥራ። የምትሠራውን ክፍል ከሥሩ ታስምር፤ ያልነካችውን እንዳለ ወደ ታች ትገልብጥ። ልጆች ቸኩለው 3 × 50 = 150 + 5 = 155 ብለው ይጽፋሉ። መልሱ ልክ ነው፤ አጻጻፉ ግን 3 × 50 ከ155 ጋር እኩል ነው ይላል። እኔ ይህን ቀይ እስክሪብቶ ሳላሳርፍበት አልፌው አላውቅም። ፊደል ያለበት ሒሳብ ሲመጣ የእኩል ምልክቱን ያላከበረ ልጅ ይቸገራል።

ፊደሉ ደግሞ እየመጣ ነው። «5 + 3ኤክስ» የሚል ሲገጥማት 8ኤክስ ልትል ትችላለች። ያ የሱቁ ካልኩሌተር ስህተት ነው። ኤክስ 50 ቢሆን ብለሽ ሞክሪው በላት፤ አንዱ 155፣ ሌላው 400 ይሆንባታል። 5 + 3ኤክስ = 155 ተብላ ኤክስን ፈልጊ ስትባል ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ጀልባ ላይ መጨረሻ የተጫነው ጆንያ መጀመሪያ አይደል የሚወርደው? ኤክስ መጀመሪያ በ3 ተባዛ፤ 5ቱ መጨረሻ ላይ ተጫነ። ስለዚህ መጀመሪያ 5ቱን አውርጂ በላት፣ 150 ይቀራል። ከዚያ ለ3 አካፍዪ፣ 50።

ሳልረሳው አንዲት ነገር ልጨምር፤ በኔጌቲቭ ቁጥር ብዙ ልጅ ነጥብ ይጥላል። በኤክስ ምትክ −3 ስታስገባ ሁልጊዜ በቅንፍ ታስገባው። (−3)² 9 ነው። ቅንፉ ሲቀር −3² ግን −9 ይሆናል፤ አርቢው የያዘው 3ን ብቻ ነውና።

የክፍልፋይ መስመርም እንደ ቅንፍ ነው፤ ከላዩ ያለውን ሁሉ በአንድ ይይዛል። ሦስት ፈተና 70፣ 80 እና 90 ካመጣች አማካዩ 80 ነው። ስልክህ ላይ 70 + 80 + 90 ÷ 3 ብለህ ከጻፍክ ግን 180 ይልሃል። ከመቶ 180! ስልኩ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ 90ውን ብቻ አካፈለ። (70 + 80 + 90) ÷ 3 ብለህ ጻፍለት።

ዛሬ ማታ ይህችን ስጣት፦ 50 − 20 + 6 × 2። ከመሥራቷ በፊት የጀልባ ታሪክ ትፍጠርላት። 6 × 2ን ስድስት ጥንድ ሙሽሮች ተሳፈሩ ካለች 42 ላይ ትደርሳለች።

ጥያቄ፦ 8 ÷ 2(2 + 2) ስንት ነው? ጓደኞቼ ገሚሱ 16፣ ገሚሱ 1 ብለው ሊጣሉ ነው።
የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ልጄ፣ ባስተማርንህ ሕግ መጀመሪያ ቅንፉን ሥራ፤ 8 ÷ 2 × 4 ይሆናል። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ 16 ነው። ፈተና ላይ ይህን ጻፍ። 1 የሚሉትን ግን አትሳደብ። ቁጥሩ ከቅንፉ ጋር ተጣብቆ ሲጻፍ 2(2 + 2) እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ በዚያ አነባበብ 8 ÷ 8 ነው። ጉድለቱ የጥያቄው ጸሐፊ ነው። 16 ካሰበ (8 ÷ 2)(2 + 2)፣ 1 ካሰበ 8 ÷ (2(2 + 2)) ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። ጥያቄውን የላከላችሁን ልጅ፣ ሁለተኛውን ቅንፍ የት ነበር ያሰብከው ብላችሁ ጠይቁት።